ማውንት ተደርጓል፤ ግን ለማን? ሰባት ሌሊት ቦታውን የሳተ ባክአፕ

ለምን ተጻፈ

አንድ ባክአፕ ለሰባት ተከታታይ ሌሊት ወደ ተሳሳተ ዲስክ ሲጽፍ ከረመ። በእነዚያ ሌሊቶች ሁሉ ሪፖርቱ «ተሳክቷል» ይል ነበር፤ የስክሪፕቱ ሎግም እንዲሁ። የሚያሳዝነው ሁለቱም አልዋሹም፤ እያንዳንዱ ካለበት ቦታ ሆኖ ያየውን በትክክል ተናግሯል። ጉዳዩን መዝግቤ ለማስቀመጥ የወሰንኩት በዚህ ምክንያት ነው። የቡድኑንና የሰዎቹን ማንነት አላነሳም፤ ጉዳዩን እንድጽፈው ግን ፈቅደውልኛል።

የነበረው አሠራር

አንድ አነስተኛ የምርምር ቡድን አንድ የሊኑክስ ሰርቨር ነበረው። ሲስተሙ የተጫነው 120 ጊጋባይት በሚይዝ ዲስክ ላይ ሲሆን የምርምር መረጃው በሌላ ትልቅ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ለባክአፕ ሁለት የዩኤስቢ ዲስኮች በየተራ ይሠራሉ። ሰኞ ጠዋት አንዱ ተነቅሎ ወደ ሌላ ሕንፃ ይሄዳል፣ ሌላው ይሰካል። ሁለቱም በኤክስት4 (በሊኑክስ የተለመደ ፋይል ሲስተም) ፎርማት የተደረጉ ናቸው።

የተሰካውን ዲስክ በየጊዜው በእጅ ማውንት ላለማድረግ አንድ የቀድሞ ባልደረባ ከዓመታት በፊት የዩዴቭ ደንብ ጽፎ ነበር። ማውንት ማድረግ (መስቀል) ማለት የዲስኩ ይዘት በአንድ ፎልደር ውስጥ እንዲታይ ማያያዝ ነው። ዩዴቭ አዲስ መሣሪያ ሲሰካ ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) ማሳወቂያ ተቀብሎ በደንቦቹ መሠረት ስም የሚሰጥና ፕሮግራም የሚያስነሳ አገልግሎት ነው። ደንቡ የዲስክ ክፍልፍል ሲያይ አንዲት የሼል ስክሪፕት ያስነሳል። ስክሪፕቷ ኤስዲቢ1 የተባለውን (ኤስዲቢ የሚል ስም የተሰጠውን ዲስክ የመጀመሪያ) ክፍልፍል ኤስአርቪ በተባለው ፎልደር ስር ባለው ባክአፕ ፎልደር ላይ ማውንት ታደርጋለች፤ ትዕዛዙ ዜሮ ከመለሰ (ተሳካ ማለት ነው) «ማውንት ተሳክቷል» ብላ ሎግ ትጽፋለች። የስክሪፕቷ ሥራ ይኸው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ከዚህ የተለየ ነበር። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ክሮን (ሥራን በቀጠሮ ሰዓት የሚያስነሳ አገልግሎት) አርሲንክ የተባለውን የመገልበጫ ፕሮግራም በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ) መብት ያስነሳል። አርሲንክ መረጃውን ወደዚያው ፎልደር ይገለብጣል፤ በየሌሊቱ አዲስ ቅጂ ይፈጥራል፣ ያልተለወጡትን ፋይሎች ግን ከቀዳሚው ቅጂ ጋር በሃርድ ሊንክ (ተጨማሪ ቦታ ሳይወስዱ በሁለቱም ቅጂ እንዲታዩ) ያያይዛቸዋል። ስለዚህ የየዕለቱ ጭማሪ አንድ ጊጋባይት ገደማ ነው፣ ሥራውም በ12 ደቂቃ ያልቃል።

ልብ በሉ፦ ማውንት የሚያደርገውና የሚገለብጠው በሁለት የተለያዩ አገልግሎቶች የሚነሡ ሁለት ሥራዎች ናቸው። አንዱ ሌላውን አይጠይቅም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የፎልደሩ ስም ብቻ ነው።

ችግሩ እንዴት ታየ

አንድ ሐሙስ ማታ ሰርቨሩ ወደ አዲስ የሊኑክስ ስርጭት ስሪት ተሻሻለ። ማሻሻሉ ያለ እንከን አለቀ፤ ሪስታርት ተደርጎ አገልግሎቶቹ ሁሉ ተነሡ። በሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት ግን ዳታቤዙ መጻፍ አቅቶት ቆሞ ተገኘ። የዲስክን የተያዘና ነፃ ቦታ የሚያሳየው የዲኤፍ ትዕዛዝ የሲስተሙ ዲስክ መቶ በመቶ መሙላቱን አሳየ።

የቡድኑ ባለሙያ መጀመሪያ ያዩት የዩኤስቢው ዲስክ በዝርዝሩ ውስጥ አለመኖሩን ነው። ወዲያው በእጅ ማውንት አደረጉት፣ ያለ ችግርም ተቀበለ። ከዚያ ቦታውን የበላው ምን እንደሆነ ለማወቅ የፋይሎችን መጠን በሚደምረው በዲዩ ትዕዛዝ ሲቆጥሩ በሲስተሙ ዲስክ ላይ ያሉት ፋይሎች ተደምረው 40 ጊጋባይት ብቻ ሆኑ። ዲኤፍ የሚለው ግን 114 ነበር። የ74 ጊጋባይት ልዩነት የት ገባ? የተሰረዘ ግን ያልተዘጋ ፋይል ይሆናል ብለው ፈለጉ፤ አልነበረም። ወደ እኔ የደወሉት በዚህ ጊዜ ነው።

የጠፋው 74 ጊጋባይት

ይህኛው ክፍል ቶሎ ተፈታ። በአንድ ፎልደር ላይ ዲስክ ማውንት ሲደረግ በፎልደሩ ውስጥ ቀድሞ የነበረው ነገር አይጠፋም፤ ይሸፈናል እንጂ። ቦታውን ይዞ ይቆያል፣ ዲዩ ግን አያየውም። የሸፈነውን ሳንነካ ከሥር ለማየት የሲስተሙን ዲስክ ፋይል ሲስተም በሌላ ባዶ ፎልደር ላይ በባይንድ ማውንት (ያንኑ ይዘት በሌላ ቦታም እንዲታይ በማድረግ) ደገምነው። ባይንድ ማውንት በላዩ የተሰቀሉትን ሌሎች ማውንቶች ይዞ አይመጣም፤ ስለዚህ የባክአፕ ፎልደሩ እውነተኛ ሆድ ታየ። ሰባት ቅጂዎች በተርታ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው የማሻሻያው ዕለት ሌሊት የተሠራ ሙሉ ቅጂ ነው፣ 68 ጊጋባይት። የቀሩት ስድስቱ በየሌሊቱ አንድ አንድ ጊጋባይት የጨመሩ ናቸው።

ሒሳቡ እዚህ ላይ ገጠመ። ኤክስት4 ሲፈጠር ሌላ ካልተባለ ከቦታው 5 በመቶውን ለሩት ተጠቃሚ ይይዛል። ከ120 ጊጋባይት 6 ጊጋባይት መሆኑ ነው። አርባ ሲደመር ሰባ አራት 114 ይሆናል፤ ለተራ ተጠቃሚ ያለው ቦታ እዚያ ላይ አለቀ። ዳታቤዙ በራሱ ተጠቃሚ ስም ስለሚሠራ ቆመ። ባክአፑ ግን የሚሠራው በሩት ስለሆነ በተያዘው ቦታ ላይ መጻፉን ሊቀጥል ይችል ነበር፤ ለዚህ ነው በሰባተኛው ሌሊትም «ተሳክቷል» ብሎ ሪፖርት ያደረገው።

ሎጉን ወደ ኋላ ስናነብ ያየሁት ነገር እስካሁን ይቆጨኛል። ዘወትር 12 ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ በመጀመሪያው ሌሊት አንድ ሰዓት ከ50 ደቂቃ ወስዷል። አርሲንክ ቀዳሚ ቅጂ ስላላገኘ ሁሉንም እንደ አዲስ ገልብጧል። ምልክቱ ዓርብ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ነገር ግን ሪፖርቱን ሰው የሚከፍተው «አልተሳካም» የሚል ከሆነ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የሞከርናቸው፣ ያልሠሩትም

አሁን ጥያቄው አንድ ሆነ፦ ስክሪፕቷ ዲስኩን ለምን ማውንት አላደረገችም?

የስክሪፕቷ ሎግ ሁለት መስመር ነበረው። በማሻሻያው ማታ «ማውንት ተሳክቷል»፣ በሰኞው ቅያሪ ደግሞ ኤስዲቢ1 የሚባል መሣሪያ የለም የሚል ስሕተት። ሰኞ የተሰካው ዲስክ ስሙ ኤስዲሲ ሆኖ ነበር። እንግዲህ ሁላችንም የምናውቀው ሕመም ነው ብለን ደመደምን፤ እነዚህ ስሞች መሣሪያው በታየበት ቅደም ተከተል የሚሰጡ ስለሆኑ ሊቀያየሩ ይችላሉ። በስክሪፕቷም በደንቡም ውስጥ የመሣሪያውን ስም ትተን የሁለቱን ዲስኮች ዩዩአይዲ (የማይደገም መለያ ቁጥር) አስገባን። ለውጡ በራሱ ተገቢ ነበር። የሐሙሱን ማታ ግን አያስረዳም፤ ያን ዕለት ስክሪፕቷ ተሳክቶልኛል ብላለች። እኔም ይህን መስመር አይቼ አልፌዋለሁ። ለሚታየው ስሕተት መልስ ስላገኘሁ የማይመቸውን መስመር ተውኩት።

ከለውጡ በኋላ ዲስኩን ነቅለን ስንሰካ ስክሪፕቷ ጭራሽ አልተነሣችም። ይኸኛው ችግር ራሳችን የፈጠርነው ነው። የደንቡ ፋይል ስም በ10 ይጀምራል። ዩዴቭ ደንቦቹን በፋይል ስም ተራ ያነባል፤ የፋይል ሲስተሙን ዩዩአይዲ ከዲስኩ አንብቦ የሚያስቀምጠው ደንብ ደግሞ በ60 የሚጀምረው ነው። የእኛ ደንብ ሲነበብ ዩዩአይዲው ገና ባዶ ነበር፣ ስለዚህ የሚዛመድ አልተገኘም። የፋይሉን ስም ወደ 99 ቀየርን፣ ደንቦቹን እንደገና አስነበብን፣ ሰርቨሩንም ሪስታርት አደረግን። ስክሪፕቷ ተነሣች። ሎጉ «ማውንት ተሳክቷል» አለ። ፎልደሩ ላይ ግን ዲስኩ የለም።

ቀጣዩ ግምት የፍጥነት ነበር። ዲስኩ ሳይረጋ ስክሪፕቷ ቀድማ ይሆናል ተባለና የአሥር ሰከንድ መጠበቂያ ተጨመረ። ለውጥ አላመጣም። መጠበቂያ መጨመር የተለመደ ነገር ነው፣ አልፎ አልፎም የሚሠራ ይመስላል፤ በዩዴቭ ደንብ ውስጥ ግን ቦታው አይደለም። ዩዴቭ የአንዱ መሣሪያ ጉዳይ እስኪያልቅ ተከታዩን ያስጠብቃል፣ ጉዳዩ ሲያልቅ ደግሞ ስክሪፕቱ ወደ ኋላ ትቶት የሄደውን ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ይገድላል። መጠበቂያውን መልሰን አወጣነው።

ስክሪፕቷን ተርሚናል ላይ ሆነን በእጅ ስናስነሣት ሁልጊዜ ትሠራለች። ይህ ደግሞ የበለጠ አሳሳተን። ያው ስክሪፕት፣ ያው የሩት መብት፣ ያው ዲስክ። የአካባቢ ተለዋዋጮች ልዩነት ይሆናል ብለን የትዕዛዞቹን ሙሉ አድራሻ ጻፍን። ዩዴቭ የሚያስነሣው ስክሪፕት ተርሚናል ላይ ያለውን የትዕዛዝ መፈለጊያ ዝርዝር ስለማያገኝ ይህም ጥሩ ልማድ ነው፤ የእኛ ችግር ግን እሱ አልነበረም።

አቅጣጫውን የቀየረው እንግዳ ነገር

ዲስኮቹ ያለ አግባብ ስለተነቀሉ ጤናቸውን ልንመረምር ፈለግን። በተርሚናሉ እይታ የተሰካው ዲስክ የትም ማውንት አልተደረገም። የተሰቀሉትን የሚዘረዝረው ፋይንድኤምኤንቲ ባዶ ይመልሳል፤ የተሰቀለን የሚያወርደው ዩማውንት «ማውንት አልተደረገም» ይላል። የዲስክ መመርመሪያውን ኢ2ኤፍኤስሲኬን ስናስነሣ ግን ዲስኩ በሥራ ላይ ነው ብሎ እምቢ አለ። የተከፈተ ፋይል እንዳለ ፈለግን፣ አንድም የለም።

እንዲህ ያለ ተራ ዲስክ ካልተሰቀለ በሥራ ላይ ሊሆን አይገባም። እንግዲያው የሆነ ቦታ ተሰቅሏል፤ እኛ ግን አናየውም። እዚህ ላይ ጥያቄያችን ተለወጠ። «ማውንት ተደርጓል ወይስ አልተደረገም?» ማለቱን ትተን «ለማን ነው ማውንት የተደረገው?» ብለን ጠየቅን።

በሊኑክስ ይህ ጥያቄ ትርጉም አለው። ከ2002 ጀምሮ፣ ከከርነል 2.4.19 ወዲህ ማለት ነው፣ የማውንት ዝርዝር ለመላው ማሽን አንድ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። እያንዳንዱ ፕሮሰስ የሚኖረው በአንድ የማውንት ኔምስፔስ ውስጥ ነው፣ የሚያየውም የዚያን ኔምስፔስ ዝርዝር ነው። ኮንቴነሮች የራሳቸው ፋይል ሲስተም ያላቸው የሚመስሉት በዚህ ነው። ብዙዎቻችን ስለ ኮንቴነር ስናወራ ይህን እናስታውሳለን፤ አንድ ተራ የሲስተም አገልግሎትም በራሱ ኔምስፔስ ሊኖር እንደሚችል ግን እንዘነጋለን።

በፕሮክ (ከርነሉ ስለ ፕሮሰሶች መረጃ በሚያሳይበት ፎልደር) ስር ካለው ከእያንዳንዱ ፕሮሰስ ማውንትኢንፎ ፋይል (ፕሮሰሱ የሚያያቸው ማውንቶች ዝርዝር) ውስጥ የዲስኩን ስም በግሬፕ ፈለግን። አንድ ፕሮሰስ ብቻ ወጣ፦ የዩዴቭ አገልግሎት ራሱ። በፕሮክ የሚታየውን የማውንት ኔምስፔስ ቁጥሩን ከሼላችን ቁጥር ጋር አነጻጸርነው፤ ተለያዩ። ከዚያ ኤንኤስኤንተር በተባለው ትዕዛዝ ወደ ዩዴቭ ኔምስፔስ ገብተን ፎልደሩን ከፈትነው። ዲስኩ አለ፣ የድሮዎቹ ቅጂዎች በሙሉ በቦታቸው ተቀምጠዋል።

ምክንያቱ

ሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስነሣና የሚያስተዳድር ዋና ፕሮግራም) አገልግሎቶችን እርስ በርስ የሚለይባቸው መንገዶች አሉት። አንዱ ፕራይቬትማውንትስ የተባለው ቅንብር ነው፤ ይህ ሲበራ አገልግሎቱ የራሱ የማውንት ኔምስፔስ ይኖረዋል። በዋናው ሲስተም የሚሰቀለው ወደ እሱ ይተላለፋል፣ እሱ የሚሰቅለው ግን ወደ ውጭ አይወጣም። በአዲሱ ስሪት የዩዴቭ አገልግሎት ይህ ቅንብር በርቶለት ነው የሚመጣው። በድሮው ሲስተም ይህ መለያየት ስላልነበረ ያቺ ስክሪፕት ለዓመታት ሠርታለች።

ስክሪፕቷ ተሳሳተች ማለት አይቻልም። ማውንት አድርጋለች፣ ዜሮ ተመልሶላታል፣ ያየችውን ጽፋለች። ክሮን ግን የሚኖረው በዋናው ኔምስፔስ ነው። እሱ ያየው ባዶ ፎልደር ነው፣ የጻፈውም በዚያ ላይ ነው።

የዩዴቭ መመሪያ ገጽ ይህን በግልጽ ይላል፤ በአገልግሎቱ ላይ ባለው ገደብ ምክንያት በደንብ ውስጥ ማውንትና ዩማውንት የሚያደርግ ፕሮግራም ማስነሣት አይፈቀድም። ገጹን ያነበብነው በሁለተኛው ቀን ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ብናነበው ኖሮ ሌላው ሁሉ ባልተሞከረ።

የሰኞው ስሕተትም አሁን ትርጉም አገኘ። ሰኞ ዕለት ዲስኩን ሊነቅሉ የመጡት ሰው በልማዳቸው ዩማውንት ብለዋል። «ማውንት አልተደረገም» የሚል መልስ ስላገኙ ተማምነው ነቀሉት። በዩዴቭ ኔምስፔስ ውስጥ ግን ገና ተሰቅሎ ነበር። የተሰቀለ ዲስክ ሲነቀል ከርነሉ ስሙን ወዲያው ነፃ አያደርግም፤ ኤስዲቢ እንደተያዘ ቀረ፣ አዲሱ ዲስክም ኤስዲሲ ተባለ። የስሙን መቀየር እንደ ምክንያት ይዘን ግማሽ ቀን አባከንን። ለካ እሱም የዚያው ምክንያት ውጤት ነበር።

የመረጥነው መፍትሔ

በመጀመሪያ ምርመራው ትክክል መሆኑን አረጋገጥን። በዩዴቭ አገልግሎት ላይ ፕራይቬትማውንትስን ለጊዜው አጠፋን፣ አገልግሎቱን ሪስታርት አደረግን፣ ዲስኩን ሰካን። ወዲያው በፎልደሩ ታየ። እዚያው ላይ ማቆም ይቻል ነበር፣ የቡድኑ ባለሙያም «ከሠራ ለምን አንተወውም?» ብለው ጠይቀውኛል። አልተስማማሁም። የመላውን አገልግሎት ጥበቃ ለአንዲት ስክሪፕት ብሎ ማንሳት ነው፤ ከዚያም በላይ ማውንት ማድረግ የዩዴቭ ሥራ አይደለም። ለውጡን መለስነው።

ሁለተኛው አማራጭ ሲስተምዲማውንት የተባለው ትዕዛዝ ነበር። ይህ ትዕዛዝ ራሱ ማውንት አያደርግም፤ ዋናውን ሲስተምዲ «አንተ ስቀልልኝ» ብሎ ይጠይቃል። የሚሰቀለውም በዋናው ኔምስፔስ ነው። ከዩዴቭ ደንብ ሲጠራ ሳይጠብቅ እንዲመለስ ማዘዝ ያስፈልጋል። ለዚህ ቡድን ያልመረጥነው በአንድ ምክንያት ነው፦ ዲስኩ ባልተሰካበት ጊዜ የማውንት ክፍሉ (ሲስተምዲ ዲስኩን የሚሰቅልበት መመሪያ) ጭራሽ አይኖርም። እኛ ደግሞ ባክአፑ የዲስኩን አለመኖር አውቆ እንዲወድቅ እንፈልግ ነበር።

ሦስተኛው ኦቶማውንት ነው። ፎልደሩ ሲነካ ብቻ ዲስኩ እንዲሰቀል ያደርጋል። ግማሽ ቀን ሞከርነው። ዲስኩ ሳይኖር ፎልደሩን የነካ ሰው ሁሉ የመሣሪያው መጠበቂያ ጊዜ እስኪያልቅ ይንጠለጠላል፤ መጠበቂያው ካልተቀየረ 90 ሰከንድ ነው። የባሰው ደግሞ ኦቶኤፍኤስ (ኦቶማውንት በፎልደሩ ላይ የሚያስቀምጠው ጠባቂ) ራሱ እንደ ማውንት መቆጠሩ ነው። ዲስኩ ባይኖርም ማውንትፖይንት የተባለው መፈተሻ «አዎ፣ ማውንት ነጥብ ነው» ሊል ይችላል። ለሁልጊዜ ተሰክቶ ለሚኖር ወይም በኔትወርክ ላለ ዲስክ ጥሩ ነው፤ በየሳምንቱ ለሚነቀል ባክአፕ ግን አልወደድኩትም።

በመጨረሻ የጸናው እንዲህ ነው። ለሁለቱም ዲስኮች አንድ ዓይነት ሌብል (መጠሪያ ስም) ሰጠን። በኤፍኤስታብ (የሚሰቀሉ ዲስኮች በሚዘረዘሩበት ፋይል) ውስጥ አንድ መስመር ጻፍን፤ ዲስኩ የሚለየው በሌብሉ ነው። ሲስተሙ ሲነሣ በራሱ እንዳይሰቅለው ኖኦቶ፣ ባይኖር የሲስተሙን መነሣት እንዳያደናቅፍ ኖፌይል፣ የመሣሪያው መጠበቂያም 15 ሰከንድ እንዲሆን አደረግን። ሲስተምዲ ኤፍኤስታብን አንብቦ ለእያንዳንዱ መስመር የማውንት ክፍል ይሠራል፤ ስለዚህ ፋይሉ በተቀየረ ቁጥር ዴመን ሪሎድ (ቅንብሩን እንደገና አንብብ) ማዘዝ ያስፈልጋል። ይህን ስንረሳ አንድ ጊዜ በድሮው መስመር ላይ ስንመራመር ቆይተናል።

የዩዴቭ ደንቡ አሁን ምንም ስክሪፕት አያስነሣም። ያ ሌብል ያለው ክፍልፍል ሲታይ ሲስተምዲዋንትስ በተባለው መለያ የማውንት ክፍሉን ስም ይጠቁማል፤ ማውንት ማድረጉ የሲስተምዲ ፋንታ ነው። የድሮዋ ስክሪፕት ተሰረዘች።

ለባክአፑ የተጨመሩ መከላከያዎች

ማውንቱን ማስተካከል የሥራው ግማሽ ብቻ ነበር። ነገ በሌላ ምክንያት ማውንቱ ቢቀር ባክአፑ እንደገና ወደ ባዶ ፎልደር ይጽፋል። ስለዚህ ከክሮን አውጥተን የሲስተምዲ አገልግሎትና ሰዓት ቆጣሪ አደረግነው፤ ሪኳየርስማውንትስፎር በተባለው ቅንብርም ከባክአፕ ፎልደሩ ጋር አሰርነው። ይህ ቅንብር ኖኦቶ የተባለውን ማውንት እንኳ ጠርቶ ያስነሣል። ዲስኩ ከሌለ አገልግሎቱ ሳይጀምር ይወድቃል፤ መውደቁም ይታያል።

በተጨማሪ ስክሪፕቱ ከመገልበጡ በፊት ፋይንድኤምኤንቲን ይጠይቃል፦ በዚህ ፎልደር ላይ የተሰቀለው ዓይነቱ ኤክስት4 ነው? ሌብሉስ የእኛ ነው? ከሁለቱ አንዱ ካልገጠመ ይቆማል።

ከሁሉም የወደድኩት ግን ቀላሉን ነው። ዲስኩ ባልተሰካበት ሰዓት ባዶውን ፎልደር ቻትአትር በተባለው ትዕዛዝ የማይለወጥ አደረግነው። ይህ ምልክት የሚመለከተው ከሥር ያለውን ፎልደር ስለሆነ ዲስኩ ሲሰቀል ምንም አያግድም። ዲስኩ በሌለበት ጊዜ ግን ሩትም ቢሆን በውስጡ ፋይል መፍጠር አይችልም፤ አርሲንክም በስሕተት ይቆማል። ይህች አንዲት ትዕዛዝ ከዓመታት በፊት ታዝዛ ቢሆን ኖሮ ችግሩ በመጀመሪያው ሌሊት ይታወቅ ነበር።

እንዴት ተፈተነ

አራት ሁኔታዎችን ፈተንን፦ ዲስኩ ተሰክቶ ሪስታርት፣ ዲስኩ ሳይኖር ሪስታርት፣ በሥራ ላይ እያለ ዲስክ መቀየር፣ እየገለበጠ ሳለ መንቀል። የመጨረሻውን የሠራነው በሌላ የሙከራ ዲስክ ነው። መሣሪያው ሲጠፋ ሲስተምዲ ማውንቱን አወረደው፣ አርሲንክ ወደቀ፣ በሲስተሙ ዲስክ ላይም አንድ ባይት አልተጻፈም። በእያንዳንዱ ፈተና ውጤቱን የተመለከትነው ዲስኩን ከሰቀለው ሳይሆን ከሌላ ፕሮሰስ ነው።

ዲስኮቹ ሲመረመሩ ጆርናላቸው (ያልተጠናቀቁ ለውጦች መዝገብ) እንደገና ተተግብሮ ጤነኛ ሆነው ተገኙ። ተሸፍነው የነበሩት ሰባት ቅጂዎች ሃርድ ሊንካቸው ተጠብቆ ወደ ዲስኩ ተዛወሩ፤ ዳታቤዙም ተነሣ። የጠፋ መረጃ የለም። ነገር ግን ለሰባት ሌሊት ሰርቨሩ ቢቃጠል ኖሮ የዚያ ሳምንት ሥራ አብሮ ይጠፋ ነበር።

ለሌሎች የሚሆን

በራሱ የሚሰቀል ዲስክ አልታይ ሲላችሁ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ማን እንደሰቀለውና ማን እያየ እንደሆነ ይሁን። ስክሪፕት በእጅ ሲነሣ ሠርቶ በአገልግሎት ሲነሣ ካልሠራ፣ ወይም ሠራሁ ብሎ ውጤቱ ካልታየ፣ የሁለቱን የማውንት ኔምስፔስ ቁጥር ማነጻጸር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። «ማውንት አልተደረገም» እና «በሥራ ላይ ነው» የሚሉ መልሶች በአንድ ዲስክ ላይ ከተገናኙ ደግሞ ሌላ ነገር ሳትነኩ በቀጥታ ወደ ፕሮክ ሂዱ። ይህ ኔምስፔስ የሊኑክስ ጠባይ ነው። በፍሪቢኤስዲ መሣሪያ ሲሰካ ስክሪፕት የሚያስነሣው ዴቭዲ ነው፤ እዚያ የሚጠብቃችሁ ወጥመድ የተለየ ነው። የትዕዛዝ ሙሉ አድራሻና ከመጻፍ በፊት መፈተሽ ግን በሁለቱም ዘንድ ያስፈልጋሉ።

ሎጋችሁ ውስጥ ግምታችሁን የማይደግፍ አንድ መስመር ካለ ግምታችሁ ገና አልተሟላም። የሐሙሱ ማታ «ተሳክቷል» ለእኛ እንዲህ ያለ መስመር ነበር። የምትሞክሩትንም አንድ በአንድ ለውጡ። እኛ ስክሪፕቷንና ደንቡን በአንድ ጊዜ ስለቀየርን በ10 እና በ60 መካከል የተፈጠረውን አዲስ ችግር የአሮጌው ቀጣይ አድርገን ለአንድ ሰዓት ያህል ተከተልነው።

ሪፖርትን በተመለከተ፣ አሁን የቡድኑ የጠዋት መልእክት ቅጂው ያረፈበትን ዲስክ ሌብልና ዩዩአይዲ፣ በዚያ ዲስክ ላይ የቀረውን ቦታ፣ የወሰደውን ጊዜና ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር ያለውን ልዩነት ይዞ ይመጣል። የመመለሻ ቁጥሩ በመጨረሻው መስመር ላይ ነው።

ያልተዘጋው

ሁለቱ ዲስኮች አንድ ሌብል ስላላቸው በስሕተት በአንድ ጊዜ ቢሰኩ የትኛው እንደሚሰቀል እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ለየብቻ ሌብል ሰጥቶ ሁለት የማውንት ክፍል ማዘጋጀት ይቻል ነበር፤ ቡድኑ ግን አንድ ፎልደር ብቻ እንዲኖር ፈለገ። ለጊዜው ስክሪፕቱ ከመጀመሩ በፊት ያ ሌብል ያለውን ክፍልፍል ይቆጥራል፤ ከአንድ በላይ ካገኘ ሥራውን አቁሞ መልእክት ይልካል። በየሰኞው ቅያሪ ላይ ደግሞ አንድ ተግባር ተጨምሯል፦ የሚወጣው ዲስክ ከመነቀሉ በፊት ከእሱ ላይ አንድ ፎልደር ወደ ሌላ ማሽን ተመልሶ ይከፈታል።